የሕፃኑ ሹራብ መጋጠሚያ ለምን ደረቀ? ስለ ስሊፕ ስቲች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «አዳማ ውስጥ በቤቴ ሆኜ የሕፃናት ሹራብ፣ ኮፍያና ዳንቴል እየሠራሁ እሸጣለሁ። ኪሮሽ የተማርኩት ከእናቴ ነው፤ ሹራብ ግን ከስልክ ቪዲዮ ነው የለመድኩት። ኮፍያ ስሠራ ዙሩን በስሊፕ ስቲች እዘጋለሁ። በ60 ዓይን ጀምሬ ጥቂት ከፍ ስል ግን 67 ሆኖ አገኘዋለሁ፤ የዘጋሁበትም መስመር እንደ ጠባሳ ወደ ጎን እያዘመመ ይወጣል። ባለፈው ደግሞ የሹራብ ፊት፣ ጀርባና እጅጌ ለየብቻ ሠርቼ ሁሉንም በኪሮሽ በስሊፕ ስቲች ገጠምኳቸው። መጋጠሚያው እንደ ገመድ ደረቀ፤ ደንበኛዬም የልጁ ክንድ አልገባ አለ ብላ መለሰችልኝ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ‹ስሊፕ ስቲች እኮ ለእጥፋት ነው፤ ጎን አይገጠምበትም፤ ምንም አይዝም› አሉኝ። የእኔ ችግር ግን አጥብቆ መያዙ ነው። የሹራብ መመሪያ ላይም ‹አንድ ስሊፕ አድርጊ› የሚል አለ፤ ያ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይገጥምም። ትክክለኛው የትኛው ነው? ሹራቡንስ በምን ልግጠመው?»

ምላሽ፦ ጎረቤትዎ ልክ ናቸው፤ ኪሮሽ ያስተማሩዎት እናትዎም ልክ ናቸው፤ የሹራቡ መመሪያም አልተሳሳተም። ስሕተቱ ሦስቱ ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ መስሎ መታየቱ ነው። በእንግሊዝኛ ስሊፕ ስቲች የሚለው ስም በኪሮሽ፣ በሹራብና በመርፌ ስፌት ለሦስት የተለያዩ አሠራሮች ተሰጥቷል። በኪሮሽ ከሁሉም አጭሩ ዓይን ሲሆን ዙር ይዘጋል፣ ሁለት ጠርዞችን ያያይዛል። በሹራብ አንዱን ዓይን ሳይሠሩ ከግራው ዘንግ ወደ ቀኙ ማሳለፍ ማለት ነው። በልብስ ስፌት ደግሞ መርፌው በእጥፋቱ ውስጥ ተደብቆ እየሄደ ከሥር ያለውን ጨርቅ በአንድ ሁለት ክር ብቻ የሚይዝበት፣ ከውጭ የማይታይ ስፌት ነው። የሚያገናኛቸው ነገር ቢኖር በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ የሚንሸራተት ነገር መኖሩ ነው፤ በመጀመሪያው ክሩ፣ በሁለተኛው ዓይኑ፣ በሦስተኛው መርፌው ይንሸራተታል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ሳይሆን፣ የሚገጠመው ቦታ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከምና ምን ያህል መለጠጥ እንዳለበት ነው።

ከዚህ በታች ዓይን የምለው፣ በኪሮሽም ሆነ በሹራብ፣ ክሩ ተጠልፎ የሚፈጥራትን አንዷን ቀለበት ነው። የስም ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ኪሮሽም ዳንቴልም ወደ እኛ የመጡት ከፈረንሳይኛ ነው፤ የመጀመሪያው ትንሽ መንጠቆ ማለት ሲሆን ሁለተኛው ከጥርስ የወጣ የስስ ጥልፍ ስም ነው። እናትዎ በፈረንሳይኛ ስም ያስተማሩዎትን ሥራ ስልክዎ በእንግሊዝኛ ስም ሲያስተምርዎት ግራ መጋባትዎ አያስደንቅም።

የኪሮሹን ስሊፕ ስቲች በዝግታ ቢሠሩት የችግሩ ግማሽ በዓይን ይታያል። ኪሮሹ ላይ አንድ ቀለበት አለ። ኪሮሹን በሚያያዘው ዓይን ያስገባሉ፣ ክሩን ይጠልፋሉ፣ የጠለፉትንም ክር በዓይኑና በኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ በአንድ ጊዜ ስበው ያወጣሉ። ሲንግል በሚባለው ዓይን ግን ክሩ መጀመሪያ በዓይኑ ብቻ ይወጣና ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ይሆናል፤ ከዚያ ሌላ ጠለፋ ይከተላል፤ ቁመት የሚሰጠውም ያ ሁለተኛው ጠለፋ ነው። ስሊፕ ስቲች ሁለተኛ ጠለፋ የለውምና ቁመት የለውም፤ ጠርዙ ላይ ተጋድሞ ይቀራል። የሚወስደውም ክር እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ጥቂትነት ዙር ለመዝጋት የሚያስመርጠው ዋና ጠባዩ ነው፤ የሹራብዎን መጋጠሚያ ያደረቀውም ይኸው ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ በፊት የኮፍያው ቁጥር። 60 ዓይን 67 የሆነው በእጅዎ ጥብቀት ወይም በክሩ ውፍረት ምክንያት አይደለም። በየዙሩ አንድ ዓይን ቢጨመር ሰባት ዙር 60ውን 67 ያደርሰዋል፤ ትርፉ ዓይን የሚገባውም ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በመዝጊያው በኩል ነው። ዙሩን ዘግተው ለቀጣዩ አንድ ሰንሰለት (ክሩን ኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት ብቻ ስቦ የሚወጣ ዓይን) ሲያወጡ በዚያች ጠባብ ቦታ ሦስት ነገሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ እነርሱም የዙሩ የመጨረሻ ዓይን፣ መዝጊያው ስሊፕ ስቲችና የመነሻው ሰንሰለት ናቸው። ከላይ ሲታዩ ሦስቱም ሁለት ሁለት ክር የተኛባቸው ይመስላሉ፤ ለለመደ ዓይን እንኳ፣ በተለይ በጥቁርና በጥቁር ሰማያዊ ክር ላይ፣ መለየታቸው ያስቸግራል። ቀጣዩ ዙር ሊያልቅ ሲል ኪሮሹ ባለፈው መዝጊያ ላይ ከገባ፣ መዝጊያው ሳይታወቅ እንደ አንድ ዓይን ተቆጠረ ማለት ነው። በተቃራኒው ይህን የፈራች ሠሪ አንድ እውነተኛ ዓይን ትዘልልና ኮፍያዋ በየዙሩ እየጠበበ ይሄዳል።

መፍትሔው በሲንግል ለሚሠራ ኮፍያ እንዲህ ነው። አንድ ሰንሰለት ያውጡ፤ ግን አይቁጠሩት። የመጀመሪያውን ሲንግል መዝጊያው በገባበት በዚያው ዓይን ላይ ይሥሩት፤ ወዲያውም በራሱ ላይ የሌላ ቀለም ቁራጭ ክር ወይም ትንሽ መርፌ ቁልፍ ያድርጉበት። ዙሩ ሲያልቅ የሚዘጉት ምልክቱ ባለበት ዓይን ላይ ብቻ ነው፤ ሰንሰለቱንም የቀድሞውንም መዝጊያ ይዘሏቸዋል። ከሲንግል በሚረዝመው ዓይን፣ በደብል ሲሠራ ግን ሥርዓቱ ይለወጣል፤ በተለመደው አሠራር ሦስቱ የመነሻ ሰንሰለቶች እንደ አንድ ደብል ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ዙሩ የሚዘጋው በሦስተኛው ሰንሰለት ራስ ላይ ሲሆን፣ ቀጥሎ ያለው ደብልም የሚሠራው በሚቀጥለው ዓይን ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን ሥርዓት ከሌላው ሲቀላቅል ነው። ምልክት ማድረግ የጀማሪ ሥራ ነው ብለው እንዳያፍሩ፤ እኔ እስከ ዛሬ ያለ ምልክት ዙር አልዘጋም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሲንግልና ደብል የሚሉት ስሞች ራሳቸው በእንግሊዞችና በአሜሪካኖች ዘንድ አንድ አይደሉም። አሜሪካኖች ሲንግል የሚሉትን እንግሊዞች ደብል ይሉታል፤ በቆዩ የእንግሊዝ መመሪያዎች ደግሞ ሲንግል ተብሎ የሚጠራው ራሱ ስሊፕ ስቲች ነው። መመሪያው የየትኛው አገር እንደሆነ ሳያጣሩ የጀመሩት ሥራ ልኩ ከተሰጠው ልክ ጋር ባይገናኝ እጅዎን አይውቀሱ። እኔ እዚህ የምጠቀመው በአሜሪካኖቹ አጠራር ነው።

ማዘመሙ ግን ስሕተት አይደለም። በኪሮሽ የሚሠራ ዓይን ራሱ በትክክል ከግንዱ በላይ አይቀመጥም፤ በመጠኑ ወደ አንድ ወገን ይላል። ዙሩ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ሲዞር ይህች ትንሽ ፈቀቅታ በየዙሩ ትጨመራለች፤ የመዝጊያው መስመርም ይጋደማል። በየዙሩ ሥራውን እየገለበጡ ቢመለሱ ፈቀቅታው ስለሚቻቻል መስመሩ ቀጥ ይላል፤ ነገር ግን የሥራው መልክ ይለወጣል፤ የፊትና የኋላ ገጽታው ይቀላቀላል። ለሕፃን ኮፍያ የምመክረው ሌላ ነው፤ ዙሩን ጨርሶ አይዝጉት። ምልክቱን በየዙሩ መነሻ ላይ እያዛወሩ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሳያቋርጡ በጥምዝ ይዙሩ። መዝጊያ ከሌለ የሚቆጠር ትርፍ ዓይን የለም፤ ጠባሳም የለም። በመጨረሻው ዙር ላይ ብቻ ጠርዙ እንደ ደረጃ እንዳይቀር አንድ ወይም ሁለት ስሊፕ ስቲች ሠርተው ያስተካክሉታል። ባለ ቀለም ሰንበር ኮፍያ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ በጥምዝ ሲሄዱ ቀለሙ የተለወጠበት ቦታ ይሰበራልና። ረጃጅም ዓይን ያለው የዳንቴል ጠረጴዛ ልብስም እንዲሁ ዙሩ መዘጋት አለበት። እዚያ መስመሩን መቀበል፣ በኮፍያ ላይ ከሆነም ወደ ኋላ እንዲውል አድርጎ መጀመር ይበቃል።

አሁን ወደ ተመለሰው ሹራብ እንምጣ። የሹራብ ዓይን የተጠማዘዘ ክር ነው፤ ሲሳብ ጥምዙ ይላላል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል፤ ሹራብ የሚለጠጠውም ክሩ ስለረዘመ ሳይሆን ቅርጹን ስለለወጠ ነው። በጠርዙ ላይ በስሊፕ ስቲች መስመር ሲያወጡበት ግን፣ ከላይ እንዳልኩት፣ መስመሩ የሚላላ ትርፍ ክር የለውም። ጨርቁ ይለጠጣል፣ መስመሩ አይለጠጥም፤ ሁለቱ ሲጣሉ የሚያሸንፈው መስመሩ ነው። በቤትዎ ሊያረጋግጡት ይችላሉ፤ የሹራቡን 10 ሴንቲ ሜትር መጋጠሚያ ማስመሪያ ላይ አስቀምጠው ይሳቡት፣ ከዚያም ያልተገጠመውን የጨርቁን መሐል በዚያው ልክ ይሳቡት። ልዩነቱን ጣትዎ ይነግርዎታል። ክርዎ ጥጥ ከሆነ፣ ለአዳማ ሙቀት ጥጥ ብመርጥልዎም፣ ጉዳዩ ይብሳል፤ ጥጥ እንደ ሱፍ በራሱ የመለጠጥና የመመለስ ጠባይ የለውም።

ሆኖም የልጁን ክንድ የከለከለው የጎኑ መስመር አይደለም። ጎን ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ቢደርቅ ሹራቡ ይጨማደዳል፣ ወደ ላይም ይሰበሰባል እንጂ ክንድ አያግድም። ያገደው እጅጌውን ከገላው ጋር የገጠሙበት፣ በብብትና በትከሻ ዙሪያ የሚዞረው መስመር ነው፤ ያ መስመር ቀለበት ነውና ሲደርቅ እንደ አምባር ይሆናል። ምናልባትም ሌላ ጥፋት ተጨምሮበታል፤ የእጅጌውን የላይ ጠርዝ ከገላው ጠርዝ ጋር አንድ ለአንድ ቆጥረው ገጥመውት ይሆናል። በልሙጥ ሹራብ ላይ ግን ዓይኑ ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ ይበልጣል፤ ስለዚህ የአንዱ ጠርዝ በዓይን፣ የሌላው በረድፍ ሲቆጠር በግምት ለሦስት ዓይን አራት ረድፍ ነው የሚመደበው። አንድ ለአንድ ሲገጠም እጅጌው ከጎኑ የተረፈውን ረድፍ እየሰበሰበ ያጠበዋል።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። የጎኑን፣ የእጅጌውን ሥርና የብብቱን ዙሪያ በኪሮሽ አይግጠሙ፤ በመርፌ ይግጠሟቸው። ለዚህ የሚሆነው ስፌት በቪዲዮዎቹ ማትረስ ስቲች ይባላል። ሁለቱን ጨርቆች መልካም ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያስተኟቸው። የጠርዙን የመጀመሪያ ዓይንና ሁለተኛውን ዓይን በጣቶችዎ ጥቂት ገርበብ ቢያደርጓቸው፣ በመካከላቸው እንደ መሰላል ደረጃ የተጋደሙ ትንንሽ ክሮች ያያሉ። መርፌውን ከቀኙ ጨርቅ በአንዱ ደረጃ ሥር ያሳልፉ፤ ወዲያው በግራው ጨርቅ ትይዩ ባለው ደረጃ ሥር ያሳልፉ፤ እንዲህ እየተፈራረቁ አምስት ስድስት ደረጃ ይውጡ። እስካሁን ክሩ ላላ ብሎ እንደ መሰላል ይታያል። ከዚያ ክሩን በመስመሩ አቅጣጫ በቀስታ ይሳቡት፤ ሁለቱ ጠርዞች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ ክሩ ይጠፋል፣ ሁለቱ ጨርቆችም አንድ ሆነው የተሠሩ ይመስላሉ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል። ፈገግታው ግን አጥብቆ ወደ መሳብ እንዳይወስድዎ፤ በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ መስመሩን ከሁለት ጫፉ ይዘው ሳብ አድርገው ይልቀቁት፤ ክሩም መስመሩ የሚፈልገውን ያህል ወደ ራሱ ይወስዳል። በብብቱ ዙሪያ ደግሞ ከመጀመርዎ በፊት የእጅጌውን መሐል ከትከሻው፣ ሁለቱን ጫፎች ከብብቱ ጋር በመርፌ ቁልፍ ይያዟቸው፤ ቁጥሩን በዚያ ውስጥ ያከፋፍሉታል።

መርፌው ጫፉ ያልሾለ፣ ዓይኑ ሰፊ መሆን አለበት። የጆንያ መስፊያ መርፌ በየገበያው ስለማይጠፋ ብዙዎች እርሱን ይይዛሉ፤ ሹል ጫፉ ግን የሹራቡን ክር እየሰነጠቀ ያልፋል፤ የተሰነጠቀ ክር አይንሸራተትም፤ መተርተር ቢያስፈልግም ጨርቁን ይዞ ይመጣል። ክሩን ከ50 ሴንቲ ሜትር ባያስበልጡት መልካም ነው፤ ረጅም ክር በየደረጃው እያለፈ ይሟሽሻል።

ኪሮሹን ግን ጨርሰው አይጣሉት፤ ጥፋቱ የሚጠቅምበት ቦታ አለ። ትከሻ የእጅጌውንና የገላውን ክብደት የሚሸከም ነው፤ በየእጥበቱ እየረዘመ እንዳይወርድ የማይለጠጥ መስመር ያስፈልገዋል። እዚያ ላይ የኪሮሹ ስሊፕ ስቲች፣ ከውስጥ በኩል ሆኖ፣ ጥሩ አድርጎ ያገለግላል። የትከሻውን ዓይኖች ገና ሳይዘጉ በሁለት ዘንግ ላይ ካቆዩዋቸው ደግሞ፣ በሦስተኛ ዘንግ ከፊቱም ከጀርባውም አንድ አንድ ዓይን አብረው እየሠሩ መዝጋት የበለጠ ያምራል። በአንገት ዙሪያ ግን የኪሮሽ ስሊፕ ስቲች በፍጹም አያድርጉ። አዲስ የተወለደ ሕፃን የራሱ ዙሪያ ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ራሱ ከገላው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው፤ አንገቱ ያልተለጠጠ ሹራብ ደግሞ እናትየውንም ልጁንም ያስለቅሳል። በትከሻው ላይ ሁለት ቁልፍ የሚያዝ ክፍተት መተው ከሁሉ ይሻላል።

መርፌ አልወድም፣ በኪሮሽ ብቻ ነው የምሠራው ካሉ መካከለኛ መንገድ አለ፤ ኪሮሹን ጨርቁ ከተሠራበት በአንድ ሚሊ ሜትር ከፍ ያድርጉት፣ በእያንዳንዱ ስሊፕ ስቲች መካከልም አንድ ሰንሰለት ያስገቡ። ሰንሰለቷ ለመስመሩ ትርፍ ክር ስለምትሰጠው መለጠጥ ይጀምራል። ለብርድ ልብስና ለአራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይህ በቂ ነው፤ እነዚያን ሲገጥሙም ኪሮሹን በሁለቱ ዓይኖች የኋላ ክር ብቻ ቢያስገቡት መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፤ በሁለቱም ክር ቢያስገቡት ጉብታ ይሠራል። ለሕፃን ብብት ግን አልመክረውም፤ ጉብታው በለስላሳ ቆዳ ላይ ይፈገፍጋል።

በሹራብ መመሪያ ላይ ያለው «አንድ ስሊፕ አድርጊ» ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ዓይኑን ሳይሠሩ ወደ ቀኙ ዘንግ ያሳልፉታል፤ መመሪያው ሌላ ካላለ የቀኙ ዘንግ የሚገባው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ለግልብጡ ዓይን እንደሚገባው ሆኖ ነው፤ እንዲያ ሲሆን ዓይኑ አይጠመዘዝም። ለመቀነስ ሲባል አሳልፈው በኋላ በሌላ ዓይን ላይ የሚያሳልፉት ከሆነ ግን ዘንጉ ለቀናው ዓይን እንደሚገባው ይገባል። ለመግጠም የማያገለግል ቢሆንም መግጠምን ሊያበላሽ ይችላል። ብዙ አስተማሪዎች በየረድፉ የመጀመሪያውን ዓይን እንዲያሳልፉ ይመክራሉ፤ ጠርዙ እንደ ሰንሰለት ያምራልና። ለአንገት ልብስና ሳይገጠም ለሚቀር ጠርዝ መልካም ምክር ነው። በኋላ ለሚገጠም ጎን ግን አይሆንም፤ የተላለፈው ዓይን ሁለት ረድፍ በአንድ ላይ ስለሚይዝ ጠርዙ ይላላል፣ የመሰላሉም ደረጃዎች ይዛባሉ፣ መጋጠሚያውም እየተከፋፈተ ቀዳዳ ያሳያል። የሚገጠመውን ጠርዝ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ዓይን ሠርተው ይለፉት።

የጎረቤትዎ ስፌት ደግሞ የራሱ ቦታ አለው። ልብስ ሰፊዎች በእጥፋት ላይ ሲሠሩት መርፌው በታጠፈው ጠርዝ ውስጥ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፣ ይወጣና ትይዩ ካለው ጨርቅ አንድ ሁለት ክር ብቻ ይነካል፣ ተመልሶም ወደ እጥፋቱ ይገባል። ክሩ ሁሉ እጥፋቱ ውስጥ ስለሚቀር ከውጭ ምንም አይታይም። «ምንም አይዝም» ያሉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጭነቱ ሁሉ በእነዚያ አንድ ሁለት ክሮች ላይ ስለሚወድቅ፣ ተስቦ በሚውል ቦታ ላይ ቢውል ወይ ክሩ ይበጠሳል ወይ ጨርቁ ይሳሳል። ለቀሚስ እጥፋት፣ ለኮፍያ ገበር፣ ለኪስ፣ ለትራስና ለአሻንጉሊት የመጨረሻ ክፍተት ግን የሚተካው የለም። በእጅ በተሸመነ የሐበሻ ጨርቅ ላይ ሲሠሩት፣ ድርና ማጉ የላላ ስለሆነ፣ አንድ ክር አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ይንኩ፣ ክሩንም አይሳቡት። ለሕፃናት ኮፍያዎ የስስ ጥጥ ገበር ቢያስገቡበት በዚህ ስፌት ይያዙት፤ ነገር ግን ገበሩን እንደ ሹራቡ የማይለጠጥ መሆኑን አስበው በመጠኑ ሰፋ አድርገው ይቁረጡት፤ አለበለዚያ ችግሩን ከስፌቱ ወደ ገበሩ ማዛወር ይሆናል።

ዳንቴል ሠርተው ከጨርቅ ጠርዝ ጋር የሚያያይዙ ከሆነ አንድ ቃል ልጨምር። ኪሮሹን በጨርቁ ውስጥ በግድ አያስገቡ፤ ድሩን ይበጥሳል። ጨርቁን መጀመሪያ አጥፈው ይስፉት፤ ከዚያ በመርፌ በየ5 ሚሊ ሜትሩ የጠርዝ ቀለበት ያውጡበት፤ ዳንቴሉ የሚነሣው ከእነዚያ ቀለበቶች ነው። ጨርቁንም የዳንቴሉን ክር ናሙናም አስቀድመው ይጠቡ፤ ሁለቱ በእጥበት እኩል አይሰበሰቡምና ሳይታጠቡ የተገናኙ ከሆነ ጠርዙ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ይኮማተራል።

ደንበኛዎ የመለሰችውን ሹራብ ማዳን ይቻላል። የኪሮሽ መስመር እንደ ማዳበሪያ ከረጢት አፍ ነው፤ ከጨረሱበት ጫፍ ከያዙት እየተጎለጎለ ይፈታል፤ ከጀመሩበት ጫፍ ግን አይፈታም። ስለዚህ የጨረሱበትን ጫፍ ይፈልጉ፤ ውስጥ ለውስጥ የተሰገሰገውን ክር በመርፌ ጫፍ አውጥተው የመጨረሻውን ቀለበት ይፍቱት፤ ከዚያ በኋላ በእጅ ይሳባል። መሐል ላይ በመቀስ መጀመር አደገኛ ነው፤ መጋጠሚያውና ገላው አንድ ቀለም ሲሆኑ የሚቆረጠው የገላው ዓይን ሊሆን ይችላል፤ የሹራብ ዓይን ደግሞ አንዱ ከተቆረጠ ሌላውን ይዞ ይወርዳል። ከተፈታ በኋላ ቁርጥራጮቹን በውኃ አርጥበው፣ ልካቸውን በማስመሪያ አስተካክለው ፎጣ ላይ ያስተኟቸው፤ የተጨማደደው ጠርዝ ይዘረጋል። ክሩ አክሪሊክ ከሆነ ካውያ አያስነኩት፤ ሙቀት ጠባዩን ያጠፋዋል፣ ጨርቁም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይመለስም። ገመድ ላይ አስጥተውም አያድርቁት። አዳማ ነፋሻ ናት፤ የነፋስ ማመንጫዎቹ ከከተማዋ ዳር የተተከሉትም በከንቱ አይደለም፤ ውኃ ያዘለ የጥጥ ሹራብ በዚያ ነፋስ ሲወዛወዝ ውሎ ሲወርድ ክብደቱ ትከሻውን ያረዝመዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ የክር ጫፍ ነው፤ ይህን የማነሣው ለመልክ ብዬ አይደለም። የተቋጠረ ጫፍ ይፈታል፤ ጫፉን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉት፣ ከውስጥ በኩል በመርፌ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዚያ ወደ ተቃራኒው፣ ከዚያም እንደገና ወደ መጀመሪያው ይሰግስጉት። በሕፃን ልብስ ላይ፣ በተለይ በጓንትና በካልሲ ውስጥ፣ የተረሳ ክር የሕፃኑን ጣት ሊጠመጥም ይችላል፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ምክንያቱ አይታወቅም፣ ጣቱ ውስጥ ደም መዘዋወር እስኪያቆም ድረስም ሊጠብቅ ይችላል። ከመሸጥዎ በፊት እያንዳንዱን ጓንትና ካልሲ ገልብጠው፣ ጣትዎን አስገብተው ውስጡን ይዳስሱት። የተንጠለጠለ ክር ካገኙ፣ ቆርጠው ብቻ አይተዉት፤ ቀድመው ሰግስገው ከዚያ ይቁረጡት።